«እኔ» የሚለው ልጅ

ከደባርቅ አንድ መምህር የልጆች ልብ ወለድ ረቂቅ ልከውልኛል። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ ነው። ተራኪው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ሲሆን፣ ታሪኩን የሚነግረን «እኔ» እያለ ነው።

ምርጫቸው ደስ አሰኝቶኛል። የልዑሉ እናት እቴጌ ጥሩወርቅ የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩና፣ ለደባርቅና ለዳባት ልጆች የጎረቤት ታሪክ ነው። አባቱ አያቱን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ነሥተው፣ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ከእንዲህ ያለ ቤት የተወለደ ልጅ ስንት የሚነግረን አለው!

ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ሕፃኑ ስለ ዘመነ መሳፍንት ፍጻሜ ያብራራልናል። ይህ የመምህሩ ድምፅ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ዓለማየሁ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። የሚያየው ጭሱን፣ የእናቱን ፊት፣ «ባሻ ፈለቃ» የሚሉትን አማርኛ ተናጋሪ ረጅም ፈረንጅ፣ ካፒቴን ስፒዲን ነው። በግንቦት እናቱ በመንገድ ላይ ሲያርፉ ደግሞ ስለ እንግሊዝ መንግሥት አያስብም። ማታ ማን አጠገብ እንደሚተኛ ነው የሚጨንቀው።

ሌላም አለ። በአማርኛ ግሱ ራሱ ተናጋሪውን ይነግረናል፤ «ፈራሁ» ካልን «እኔ» ማለት አያስፈልግም። ረቂቁ ግን በየመስመሩ «እኔ» ይላል። ደግሞስ የጎንደር ልጅ «ወደቅሁ» እንጂ «ወደቅኩ» ይላል እንዴ? (አዲስ አበባ ስኖር እኔም ረስቼው ነበር።)

ከሁሉ ያስጨነቀኝ መጨረሻው ነው። ዓለማየሁ በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ አረፈ። ረቂቁ የገዛ ሞቱን ያስተርከዋል። ስለ እርሱ ንግሥት ቪክቶሪያ በዕለት ማስታወሻቸው ጽፈዋል፤ ሌሎችም ጽፈዋል። የራሱ ድምፅ ግን እምብዛም አልደረሰንም። በሕይወቱ ሌሎች የተናገሩለትን ልጅ አሁን ደግሞ እኛ ልናናግረው ስንነሣ እጃችን ሊከብድ ይገባል።

ረቂቁን መልሼ ልኬላቸዋለሁ። ሁለተኛውን ገጽ ሰርዘው፣ ልጁ ከስፒዲ ጋር መርከብ ሲሳፈር ታሪኩን እንዲያቆሙት ጠይቄያቸዋለሁ። የቀረውን በሌላ ተራኪ አንደበት፣ በአንድ ገጽ ማስታወሻ ማኖር ይቻላል።