ጌጁ ለጌጥ አይሁን

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንዲሁም በሰፈራችን የምትኖሩ ሾፌሮች፣ ረዳቶችና ባለንብረቶች፤

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በከተማችን በሰቆጣ በሚመላለሱት ሚኒባሶችና ቅጥቅጥ አይሱዙዎች ውስጥ አንድ ነገር በርክቶ እናያለን። ይኸውም ከፋብሪካ አብሮ በመጣው ዳሽቦርድ ላይ ክብ ክብ መለኪያ ጨምሮ ማስገጠም ነው። ሾፌሮቻችን ጌጅ ይሉታል። አንዱ የውሃ ሙቀት፣ አንዱ የዘይት ግፊት፣ አንዱ የባትሪ ኃይል ያሳያል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ፣ ሰማያዊና ቀይ መብራት ከማብራት በቀር ምንም የማያሳይም አለ።

በዚህ ጉዳይ በአባሎቻችን መካከል ክርክር ተነሥቷል። አንዳንዱ «የጎረምሳ ጨዋታ ነው፣ ገንዘብ ማባከን ነው» ይላል። ሌላው «ጌጅ የሌለው መኪና ዕውር ነው» ይላል። ነገሩ የባለመኪናው ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛም ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን ሕመምተኛ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ሲላክ፣ ሰው ለለቅሶ ሲሄድ፣ መኪና የሚኮናተረው ማኅበራችን ነው። መኪናው ሞቆ ዳገት ላይ ሲቆም ፀሐይ ላይ የሚቀመጠው ሕመምተኛችን፣ ቀብር የሚያመልጠውም ወገናችን ነው። ስለዚህ አስተያየታችንን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ አገራችንን እንይ። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዚህ ተነሥቶ ወደ አበርገሌና ወደ ዝቋላ የሚወርድ መኪና ቆላ ይገባል፣ ተመልሶም ያን ሁሉ ዳገት በሙቀት ይወጣል። በላሊበላ በኩልም ቢሆን በኮረም በኩል መንገዱ መውጣትና መውረድ ነው። ጭነት ይዞ በከባድ ማርሽ ረጅም ዳገት የሚወጣ ሞተር ብዙ ይሞቃል፤ መኪናው በዝግታ ስለሚሄድም ራዲያተሩን የሚያገኘው ነፋስ ጥቂት ነው።

በዚህ ላይ ከፍታው ራሱ አለ። እናቶቻችን ባቄላ ደጋ ላይ ቆላ ካለው ይልቅ ዘግይቶ እንደሚበስል ያውቃሉ። ምክንያቱ ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ እኛ ዘንድ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በ93 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላ መሆኑ ነው። ጤነኛ ሞተር ደግሞ የሚሠራው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ታዲያ ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው ምንድን ነው? የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ወይም ቱቦ ካንጠባጠበ ግን ያ ሁሉ መጠባበቂያ ይጠፋል፣ መኪናውም በደህና ቀን ሙቀቱ ይፈላል ማለት ነው። ቆላ ላይ የሚታለፍ ጉድለት ደጋ ላይ አይታለፍም።

ሁለተኛው ነገር ከፋብሪካ የመጣው ጠቋሚ ጠባይ ነው። በብዙ መኪኖች የሙቀቱ መርፌ ሾፌሩን በየደቂቃው እንዳያስጨንቀው ተብሎ መሐል ላይ እንዲረጋ የተሠራ ነው። ሙቀቱ 10 ዲግሪና ከዚያም በላይ ቢጨምር መርፌው ንቅንቅ ላይል ይችላል፤ የሚነሣው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። የዘይቱ ቀይ መብራትም እንዲሁ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚበራው ግፊቱ ከግማሽ ባር በታች ወርዶ ሊያልቅ ሲል ነው። እሱ እስኪበራ የጠበቀ ሰው ለእርዳታ ሳይሆን ለመርዶ ደረሰ ማለት ነው። ዲግሪውን በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ግን ችግሩ ገና ሲጀምር ይናገራል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ከመቃጠሉ በፊት ማወቅና ከተቃጠለ በኋላ ማወቅ በዋጋ ምን ያህል እንደሚራራቁ ያወጣ ያውቀዋል።

ነገሩም አዲስ ፈሊጥ አይደለም። በ1910ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ቦይስ የተባለ ሰው ሞቶሜትር የሚባል ቴርሞሜትር ሠርቶ ነበር። ራዲያተሩ ክዳን ላይ ተተክሎ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሆኖ በመስተዋት ያየው ነበር። ያኔም ሰዎች እየገዙ በመኪናቸው ላይ የሚጨምሩት ዕቃ ነበር፤ መለኪያው ወደ ውስጥ የገባው ኋላ ነው። እኛም ብንሆን የምንነዳው በአብዛኛው ያገለገለ መኪና ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ከጣለ ወዲህ ያለውን መኪና ጠብቆ መያዝ የግድ ሆኗል። ያረጀ ሞተር ደግሞ እንደ ሽማግሌ ነው፤ ትኩሳቱን ቶሎ ቶሎ ማየት ይፈልጋል።

እንግዲህ ማስገጠሙን ደግፈናል። ሆኖም አገጣጠሙ ካልተስተካከለ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። ባለሙያዎች የሚሉትን ጠቅለል አድርገን እንጽፋለን።

አንደኛ፣ የዘይት መለኪያ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የፈላውን ዘይት በቀጭን ቱቦ እስከ ሾፌሩ ፊት ድረስ ያመጣል። ቱቦው ቢበጠስ ዘይቱ የሚረጨው እግር ላይ ነው። ሌላው ሞተሩ ላይ በሚታሰር ሴንሰር በሽቦ ብቻ መልእክት ይልካል። ሰው የሚጭን መኪና ሁለተኛውን ቢይዝ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ሽቦው ፊውዝ ይኑረው፤ ብረት በሚያቋርጥበት ቦታም በጎማ ይሸፈን። ፊውዝ የሌለው ሽቦ ተፋፍጎ ቢላጥ እሳት ያስነሣል። ሦስተኛ፣ መለኪያው መንገድ የሚጋርድበት፣ ወይም መኪናው ቢጋጭ ጉልበትና ግንባር የሚያገኘው ቦታ ላይ አይተከል። አራተኛ፣ መብራቱ ደብዘዝ ይበል። በሌሊት መስተዋቱ ላይ የሚያንጸባርቅ ሰማያዊ መብራት በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ገደሉን ይሸፍናል። አምስተኛ፣ ሁለት ይበቃል፤ የውሃ ሙቀትና የዘይት ግፊት። አየር ፍሬን ያለው ከባድ መኪና የአየር መለኪያው የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጥ። ስድስትና ሰባት የደረደረ ሾፌር አንዱንም አያይም።

ደግሞም ጌጅ ይሳሳታል። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ሴንሰሩ ባዶ ላይ ስለሚቀር መርፌው ይወርዳል። ዳገት ላይ እያለ ሙቀቱ በድንገት ከቀነሰ «ተመስገን በረደ» ማለት ሳይሆን መቆም ነው። ቆሞም ክዳኑን ወዲያው መክፈት ፊትን ማቃጠል ነው፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ግማሽ ሰዓት መታገሥ ይበጃል።

አሁን ዋናውን ነገር እንናገር። ጌጅ አይቶ የሚያቆም ሾፌር ምን ይደርስበታል? ባለንብረቱ «ምልልስ አጎደልክ» ብሎ ከደመወዙ ይቆርጥበታል፣ ተሳፋሪውም «ንዳው እንጂ፣ መሸብን» እያለ ይጮህበታል። ይህ እየሆነ እኮ ሾፌሩ መርፌውን ማየት ቢተው አይፈረድበትም! መቶ መለኪያ ቢገጠም፣ መቆም የተከለከለ ሾፌር የያዘው ጌጅ ጌጥ ነው። ባለንብረቶች ሆይ፣ ለዕቃው ከከፈላችሁ ለሠላሳ ደቂቃውም ክፈሉ። ተሳፋሪዎች ሆይ፣ ሾፌሩ «ሞቋል» ካለ ወርዳችሁ ጥላ ፈልጉ እንጂ አትስደቡት።

ከዚህ በላይ በገለጽነው መሠረት ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን። ማኅበሩ ለሕመምተኛም ሆነ ለለቅሶ መኪና በሚኮናተርበት ጊዜ የውሃና የዘይት መለኪያው የሚሠራ መኪና ቅድሚያ ያግኝ። ከመነሣቱ በፊት ኮሚቴው የሚመድበው ሰው ከሾፌሩ ጋር የራዲያተሩን ክዳን፣ ቺንጋውንና ዘይቱን ይመልከት፤ ይህም ሞተሩ ሳይሞቅ ይሁን። ሾፌሩ ለማብረድ ቢቆም ከኮንትራቱ ሒሳብ አንድ ሳንቲም እንዳይቀነስ በውሉ ላይ ይጻፍ።

«ይህ ማኅበሩን ከሥራው ያወጣል» የሚሉ አባላት ይኖራሉ። አክብረን እንሰማቸዋለን። ሆኖም ወጪ የለበትም፤ የሚጠይቀው አንድ ሰው ለሩብ ሰዓትና አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? በስብሰባው ዕለት ሾፌሮችም ባለንብረቶችም ተገኝታችሁ ሐሳባችሁን እንድትሰጡን እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው
ሰቆጣ