ለዒላማ የሚሆነው ሪቮልቨር ትልቁ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1996 ክረምት አትላንታ ለኢትዮጵያውያን የፋጡማ ሮባና የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከተማ ነበረች። ፋጡማ በኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች፤ ኃይሌ ደግሞ በማግሥቱ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ወሰደ። በዚያው ሰሞን ከከተማዋ ደቡብ ምዕራብ፣ ዉልፍ ክሪክ በተባለው የተኩስ ሜዳ ሌላ ውድድር ይካሄድ ነበር። ቻይናዊቷ ሊ ዱዪሆንግ የሴቶችን የ25 ሜትር የሽጉጥ ውድድር ስታሸንፍ በእጇ የያዘችው መሣሪያ የሚተኩሰው 5.6 ሚሊሜትር ውፍረት ያላትን ትንሿን ጥይት ነበር። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድሮች ከዚህ ከፍ ያለ ጥይት የሚፈቀድበት የ25 ሜትር የሽጉጥ ዘርፍ አለ፤ እሱም ቢሆን ከ9.65 ሚሊሜትር አያልፍም። በእነዚህ ውድድሮች በሽጉጥ አልመው የሚመቱት ሰዎች የሚሠሩት በዚህ መጠን ነው።

በአትላንታና በዙሪያዋ፣ በተለይ በክላርክስተንና በዲካልብ ካውንቲ የሚኖሩ በርካታ የአገራችን ልጆች የጦር መሣሪያ ፍቅርን ከቤታቸው ይዘው ነው የመጡት። ምንሽርና ዲሞፎር የሚሉ ስሞችን ከአያት እየሰሙ ያደጉ ናቸው። በዕረፍት ቀን ወደ ተኩስ መለማመጃ ጎራ ማለት ለእንዲህ ያለ ሰው እንግዳ ነገር አይሆንም፤ የሚያስነውርም አይደለም። ችግሩ የሚመጣው በግዢው ላይ ነው። ገና ወረቀት ላይ አምስት ጥይት ማሰባሰብ ያልቻለ ሰው መደርደሪያው ላይ ካሉት ሁሉ ግዙፉን ሪቮልቨር ይመርጣል።

ለዚህ ምርጫ የፊልም እጅ አለበት። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ኩባንያ ባለ .44 ማግነም ሪቮልቨሩን በ1955 መጨረሻ ሲሠራ፣ ከጀርባው ኤልመር ኪዝ የተባለው አዳኝና ጸሐፊ ለዓመታት ያደረገው ውትወታ ነበር። የኪዝ ሐሳብ ትልልቅ አውሬ በሽጉጥ ማደን ነው። በ1971 ክሊንት ኢስትውድ በ«ደርቲ ሃሪ» ፊልም ያንኑ ሽጉጥ ይዞ ሲታይ ግን ለአደን የታሰበው መሣሪያ የወንድነት መለኪያ ተደርጎ ተወሰደ። ኩባንያው በ2003 ከዚያም ብሶ ባለ .500 ማግነሙን አወጣ። ባለ ረጅም አፈሙዙ ክብደቱ ሁለት ኪሎ ይደርሳል፤ የጥይቱ ኃይል ደግሞ ከ3,000 ጁል ይበልጣል። የተለመደው .38 ስፔሻል ጥይት ወደ 270 ጁል ገደማ ነው። ለወረቀት ዒላማ ከአሥር እጥፍ በላይ የሆነ ኃይል ምን ይጨምራል? ወረቀቱን ሁለቱም ይበሱታል።

የሚጨምረው ርግጫ ነው፤ ርግጫ ደግሞ ተኳሽን ያበላሻል። ሰውነት የሚመጣውን ምት አስቀድሞ ይጠብቃል፤ ምላጩ ከመልቀቁ በፊት ዓይን ይጨፈናል፣ አንጓ ይጠነክራል፣ አፈሙዙ ወደ ታች ይሰግዳል። ተኳሹ ይህን ራሱ አያውቀውም፤ ፍንዳታው ሁሉንም ይሸፍንበታልና። ሪቮልቨር ችግሩን ለማጋለጥ ከሌላው ሽጉጥ ሁሉ ይመቻል። አሰልጣኙ ከስድስቱ ቀዳዳዎች ሁለቱን ወይም ሦስቱን በተተኮሰ ባዶ ቀለህ ይሞላና ቀዳዳዎቹ ያሉበትን ማቀፊያ አሽከርክሮ ይዘጋዋል። የትኛው እንደሚተኮስ ተኳሹ አያውቅም። ባዶው ላይ ሲደርስ ፍንዳታ ሳይኖር ሽጉጡ ቁልቁል ሲወዛወዝ ይታያል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ዒላማውን የሚስተው ለምን እንደሆነ በዓይኑ ያየዋል። ይህን መልመጃ ሳይሠሩ በማግነም መጀመር ያልተገራ ፈረስ ላይ ወጥቶ ግልቢያ እንደመማር ነው። የተማሩት ፍርሃት በኋላ በትንሽ ጥይትም አይለቅም።

እንግዲህ ትልቅ መጠን የሚወድ ሰው ምን ይግዛ? መልሱ ያለው ሁለት ዓይነት ጥይት በሚበላ መሣሪያ ላይ ነው። ባለ .357 ማግነም ሪቮልቨር .38 ስፔሻልን ይተኩሳል፤ ባለ .44 ማግነም ደግሞ .44 ስፔሻልን። የተገላቢጦሹ አይሆንም፤ የማግነሙ ቀለህ ይረዝማል፣ ግፊቱም ከፍተኛ ነው። ይህ ማለት አንድ ሰው .44 ማግነም ገዝቶ ወራቱን ሁሉ 420 ጁል ገደማ ባለው ለስላሳ ጥይት ተለማምዶ፣ እጁ ሲጠና ወደ ሙሉው ኃይል ማለፍ ይችላል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ አጭሩ ጥይት በቀዳዳው ውስጥ ጥላሸት ስለሚተው ረጅሙን ከማስገባት በፊት በብሩሽ መጥረግ ያስፈልጋል።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ለመጀመሪያ ግዢ ከሁሉም የሚሻለው ባለ .357 ነው። ስድስት ኢንች አፈሙዝ፣ ከብረት የተሠራ ከባድ አካል፣ የሚስተካከል ማነጣጠሪያ፣ መዳፍ የሚሞላ የላስቲክ እጀታ ያለው ይሁን። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን 686 እና የሩገር ጂፒ100 ለዚህ የተመሰከረላቸው ናቸው። ክብደት እዚህ ላይ ወዳጅ ነው፤ ርግጫውን የሚውጠው እሱ ነው። ቀለል ብሎ ለኪስ የተሠራው ማግነም ለዒላማ ልምምድ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው።

ወፍራም ጥይት ካልሆነ ልቤ አይረካም ለሚል የጄሪ ሚኩሌክን ምሳሌ ማንሳት ይቻላል። ይህ አሜሪካዊ በ1999 በሪቮልቨር ስድስት ጥይት ተኩሶ፣ እንደገና አጉርሶ፣ ሌላ ስድስት ለመተኮስ 2.99 ሰከንድ ብቻ ፈጀበት። የያዘው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 625 የሚበላው .45 ኤሲፒ ነው፤ 11 ሚሊሜትር ተኩል ያህል የሚወፍር ጥይት። ውፍረቱ ከ.44 ማግነም ቢበልጥም ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ እጅን አያስደነግጥም። ስለዚህ ስፋትና ኃይል አንድ ነገር አይደሉም፤ ሻጭ ፊት የሚቆም ሰው ይህን ለይቶ መጠየቅ አለበት።

ከመግዛት በፊት መከራየት ይቻላል። ሽጉጥ እያከራዩ የሚያስለምዱ ብዙ የተኩስ ቤቶች አሉ፤ ሦስት ዓይነት ሪቮልቨር በየተራ መሞከር ከማንም ምክር ይበልጣል። የሽጉጥ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል፤ በዝግ አዳራሽ ማግነም የሚተኩስ ሰው የጆሮ መድፈኛና የጆሮ ሽፋን ደርቦ ማድረግ ይገባዋል። የእርሳስ ብናኝ በእጅና በልብስ ላይ ስለሚቀር ቤት ገብቶ ልጅ ከማቀፍ በፊት መታጠብ ግድ ነው።

ሕጉን በተመለከተ የጆርጂያ ልልነት ስደተኛውን ሊያዘናጋው አይገባም። በ2022 ገዥው ብራያን ኬምፕ በፈረሙት ሕግ መሠረት መሣሪያ መያዝ በሕግ የሚፈቀድለት ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መታጠቅ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ከተከለከለበት አገር ለመጣ ሰው ይህ ሩቅ ዓለም ይመስላል። የፌዴራሉ ሕግ ግን ጥብቅ ነው። ከነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ሲችል፣ በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር አይፈቀድለትም። በመሣሪያ ወንጀል የተፈረደበት የውጭ ዜጋ ከአገር ሊባረር ይችላል። መግዛት ለማይችል ወዳጅ በራስ ስም ገዝቶ መስጠትም እስከ 15 ዓመት ያሳስራል፤ ይሉኝታ በሚበዛበት ማኅበራችን «ለእኔ ግዛልኝ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ እምቢ ማለት የሚከብደን በመሆኑ ይህ በየቤቱ በግልጽ ሊነገር ይገባል። ለተቆለፈ ሣጥን የሚወጣው ገንዘብም ሽጉጡ በሚገዛበት ቀን አብሮ ይታሰብ፤ ጥይቱም ለብቻው ይቆለፍበት።