ቲቸር፣ ይሄ ስንት ያወጣል?

ትናንት ማታ አንድ የድሮ ተማሪዬ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። «ቲቸር፣ ይሄ ስንት ያወጣል?» ሰላምታ እንኳን የለም 😀 ከጓደኞቹ ጋር ሜታል ዲቴክተር ተከራይተው ወርቅ ፍለጋ ወጥተው፣ ማሽኑ የጮኸበትን ቆፍረው ያገኙት ክብ ብር ነው። አንድ ደላላ ደግሞ «1780 ይላል፣ ከ240 ዓመት በላይ ነው፣ አስር ከሞላ ፈረንጅ በሚሊዮን ይገዛል» ብሏቸዋል። ልጁ የአባቱን በሬ አሽጦ ዘጠኙን ሊገዛ ነው። ከማን? ከዚያው ደላላ!

እኔ እንዳየሁት ነው ያወቅኩት። ጠገራ ብር ነው፣ የማርያ ቴሬዛ። አያቶቻችን የተገበያዩበት፣ ጥሎሽ የሰጡበት፣ አንጥረኛ አቅልጦ መስቀል የሠራበት። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ ግን ብሩ ያንኑ ዓመት እንደያዘ መመረቱ ቀጠለ። ቪየና ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይም ተሠርቷል። ሙሶሊኒ እኛን ሊወር ሲዘጋጅ፣ በ1935 ከኦስትሪያ መብቱን ወስዶ ሮም ላይ ያሠራው ጠገራም የሚለው 1780 ነው። ስለዚህ ቁጥሩን አይቶ ዕድሜ የሚነግራችሁን ሰው አትመኑ።

ወርቅ ቤት ሄዳችሁ አስመዝኑት፤ ትክክለኛው 28 ግራም ገደማ ነው። ጠርዙን በጣታችሁ ዳብሱት፣ ዙሪያውን ከፍ ከፍ ያሉ የላቲን ፊደላት አሉት። ለስላሳ ከሆነ ጠርጥሩ። ብሩም ንጹሕ አይደለም፤ ከሺህ 833 እጅ ገደማው ነው ብር፣ ቀሪው መዳብ። በሬ የሚያሸጥ ነገር የለውም።

እኔን ያናደደኝ ግን ዋጋው አይደለም። «እንዲያበራ በሎሚና በአሸዋ አሸሁት» አለኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ሌላ ምን ነበር ስለው «የሸክላ ስብርባሪ ነበር፣ ወረወርነው»። ጠገራው ተራ ሊሆን ይችላል። ሸክላው ግን ቦታው መንደር ይሁን ገበያ ለባለሙያ ሊናገር ይችል ነበር፤ አሁን ማን ይጠየቃል? የቅርስ አዋጁ (ቁጥር 209/1992) ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅ፣ እስኪረከቡትም ሳይነካካ እንዲጠብቅ ያዛል። ይህን ክፍል ውስጥ አላስተማርኩትም፤ ጥፋቱ የኔም ነው።

«በሬውን እንዳትሸጥ» ብዬ ጻፍኩለት። እስካሁን አላየውም፣ አንድ ምልክት ብቻ ነው የሚያሳየው። ነገ ደግሞ የገበያ ቀን ነው። የባቹ ልጆች፣ ማን እንደሆነ ገብቷችኋል፤ ስልኩ ያላችሁ ደውሉለት።