ልኩን ሳያውቁ ሣጥን ማሠራት

መሥሪያ ቤቶች በጨረታ የሚያስወግዷቸው ሰርቨሮችና ስዊቾች በተማሪ ቤት ሲገቡ፣ ማረፊያቸው ብዙውን ጊዜ ወለል ነው። አቧራ ይጠጣሉ፤ ገመዳቸውም ይረገጣል። ባለቤታቸው በተለምዶ «ራክ» የሚባለውን የመሣሪያ ሣጥን መፈለጉ አይቀርም። የፋብሪካው ዋጋ ሲከብደውም ወደ አናጢ ወይም ወደ በያጅ ይሄዳል። በእኛ እምነት ይህ የሚደገፍ መንገድ ነው፤ ይሁን እንጂ አሠሪው ልኩንና የሙቀቱን ጉዳይ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ይህን የምንለው ከራሳችን ስሕተት ተነሥተን ነው። ገንዘብ አዋጥተን ያሠራነው የመጀመሪያው ሣጥን ጎኑ ኮምፔንሳቶ፣ በሩ መስታወት የሆነ፣ ለዓይን ያማረ ነበር። ለአናጢው የነገርነው የውስጥ ስፋት 48 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ የሰርቨሩ የፊት ገጽ ግን 2.6 ሚሊ ሜትር ተርፎ አልገባም አለ። አናጢውን ወቀስነው። እርሱም ሜትሩን ዘርግቶ ልክ 48 ሳንቲ ሜትር መሆኑን አሳየን። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

የራክ ልክ ከኮምፒዩተር በፊት በስልክ መሥሪያ ቤቶች የተለመደ ነው። የመሣሪያው የፊት ገጽ ስፋት 19 ኢንች፣ ማለትም 482.6 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ቢያንስ 450 ሚሊ ሜትር ክፍት ቦታ ሊኖር ይገባል፤ የግራና የቀኝ ቀዳዳዎች ከማእከል እስከ ማእከል 465.1 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። የከፍታው መለኪያ አንድ «ዩኒት» 44.45 ሚሊ ሜትር ነው። በያጁ «44 ይበቃል» ብሎ ቢሰረስር፣ በ20ኛው ዩኒት ላይ ስሕተቱ ተጠራቅሞ 9 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ብሎኑም ቀዳዳውን አያገኝም። በትምህርት ቤት ስለ ስሕተት መጠራቀም የተማርነው ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። 200 ዋት የሚወስድ ሰርቨር ያን ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የሚያልፈው አየር ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንዳይሞቅ ከተፈለገ፣ በባሕር ወለል ከፍታ በሰከንድ 17 ሊትር ያህል አየር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ አየሯ በተመሳሳይ ሙቀት ሩብ ያህል የሳሳ ነው። በመሆኑም 22 ሊትር ያህል ያሻል። ሣጥኑን አስፍተን ሰርቨሩን ካስገባን በኋላ የመስታወቱን በር ዘግተን ስንሄድ፣ መሣሪያው ሞቆ ራሱን ያጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ከፊት በታች በኩል መግቢያ ቀዳዳ፣ ከኋላ በላይ በኩል ማራገቢያ ስናበጅለት ችግሩ ተወገደ።

«ከውጭ የመጣው ይሻላል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ብዙ መሣሪያ ለሚሸከም መሥሪያ ቤት እውነት ነው። ለቤት ግን ከአንግል ብረት የተበየደ፣ በሚሊ ሜትር የተለካ ሣጥን ይበቃል፤ ይኸውም ከባዱ መሣሪያ ከታች ከተቀመጠና ብረቱ ከመሬት ሽቦ ጋር ከተገናኘ ነው። በ220 ቮልት ላይ ይህ የመጨረሻው ነገር ለምርጫ የሚቀርብ አይደለም።

ባለሙያዎቻችን የተነገራቸውን ልክ ይሠራሉ። ተማሪው ግን ልኩን በቃል ሳይሆን በንድፍ ሥሎ፣ ሚሊ ሜትሩን ጽፎ ይዞላቸው ይሂድ። የእኛ ሁለተኛው ሣጥን የተሠራው በዚያው አናጢ እጅ ነው፤ የተለወጠው የያዝነው ወረቀት ብቻ ነበር።