ቁጥሩ ለአምራቹ ይመለስ!

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ስለ አነስተኛ አምራቾች በተወራ ቁጥር የሚነሳው ያው ነው፤ ብድር የለም፣ መሥሪያ ቦታ የለም፣ መብራት ይቆራረጣል። ሁሉም እውነት ነው። ከእነዚህ ባልተናነሰ ወርክሾፖቻችንን እያዘጋ ያለው ችግር ግን ስሙ አይጠራም፦ አምራቹ የሚወስነው በግምት ነው!

ኮምቦልቻ ካሉት ብረታ ብረት ቤቶች አንዱ ጋ ገብታችሁ እዩ። ባለ 6 ሜትር ቱቦላሬ ለ2 ሜትር ከ10 በር ሲቆረጥ ሁለት ቋሚ ይወጣና 1 ሜትር ከ80 ይተርፋል። ያ ቁራጭ ሌላ ሥራ ላይ ካልዋለ ዋጋው የበሩ ወጪ ነው። ኤሌክትሮዱ፣ ቀለሙ፣ የመብራቱ ሒሳብ፣ የቤት ኪራዩ፣ የማጓጓዣውስ? አብዛኛው የትም አልተጻፈም። ደንበኛ ሲመጣ ጎረቤት ስንት እንዳለው ይጠየቅና ከዚያ ላይ ተቀንሶ ዋጋ ይቆረጣል። በሠለጠነ እጅ የተሠራ በር በኪሳራ ይሸጣል፤ ባለሙያው መክሰሩን የሚያውቀው የሚቀጥለውን ብረት መግዣ ሲያጣ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። የብረት ዋጋም አብሮ ጨምሮ በ1,000 ብር የተገዛ ቱቦላሬ 1,500 ገባ እንበል። በድሮው 1,000 አስልቶ በር የሸጠ ሰው «አተረፍኩ» ሲል የገዛ ካፒታሉን እየበላ ነው። ይህን የሚያሳየው መዝገብ ብቻ ነው። ለዝርፊያም ማስረጃው መዝገብ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሁለቱ ከተሞች ከጥቅምት ማገባደጃ እስከ ህዳር መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩበት ጊዜ ስንቱ ፋብሪካና ሱቅ ተዘረፈ! መዝገብ ያልነበረው አምራች ምን እንደተወሰደበት በምን ያስረዳል?

እኔን የሚያበግነኝ ደግሞ አምራቹ ቁጥር ሲሰጥ መኖሩ ነው። ግብር ሰብሳቢው ይጠይቀዋል፣ የአነስተኛ አምራቾች ጽሕፈት ቤቱ ቅጽ ያስሞላዋል፣ አበዳሪው ሌላ ቅጽ ያመጣል። ስንት ሰው ቀጠርክ? ካፒታልህ ስንት ደረሰ? የተሰበሰበው ሁሉ ሪፖርት ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። ላሜራ በወሩ ስንት እንደጨመረ፣ በሚቀጥለው ዓመት ስንት የተማሪ ዴስክ ለጨረታ እንደሚወጣ ለእሱ የሚነግረው የለም። የሚወስነው ሰው እጅ ያልገባ መረጃ ለማን ይጠቅማል?

እናንተም አምራቾች ከደሙ ንጹሕ አይደላችሁም። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ደረጃ «ሐ» የተባለውን አነስተኛ ግብር ከፋይ መዝገብ እንዲይዝ አላስገደደም ነበር፤ ብዙዎቻችሁ ሕጉ ካልጠየቀን ምን አደከመን ብላችሁ ደብተሩን ዘጋችሁ። መዝገብ ግን ከግብር በፊት ለባለቤቱ ነው። በውድ ሶፍትዌር መጀመርም አያስፈልግም። የገባ ዕቃ፣ የወጣ ዕቃ፣ የቀረ ዕቃ፤ የእያንዳንዱ ትእዛዝ ሙሉ ወጪ፤ ዱቤ የወሰደና ቀን ያለፈበት። ይህ በየማታው ተጽፎ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዋጋ ከመቁረጥና ዕቃ ከመግዛት በፊት ከታየ የመረጃ ሥርዓት ማለት እሱ ነው። ደብተሩ ሲለመድ ወደ ኤክሴል ይዛወራል።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ተመራቂዎቹ የመመረቂያ ሥራቸውን ከእነዚህ ወርክሾፖች ባለቤቶች ጋር ይሥሩ፤ ጥናቱም መደርደሪያ ላይ ከመቀመጡ በፊት አምራቹ ጠረጴዛ ላይ ይዋል። ጽሕፈት ቤቶች የሰበሰባችሁትን የዋጋና የጨረታ መረጃ በየወሩ ለአምራቹ መልሱ። አበዳሪዎች ማሽን ከማበደራችሁ በፊት መዝገብ መያዝ አስተምሩ፤ ወጪውን የማያውቅ ሰው አዲስ ማሽን ሲያገኝ የሚያፋጥነው ኪሳራውን ነው።

አምራቾች፣ ማንንም አትጠብቁ! ዛሬ ማታ ደብተር ክፈቱ። ነገ ጠዋት ወጪው ያልተሰላ አንድም ብረት እንዳይቆረጥ።