ጥቅሱ የኤርምያስ፣ ስብከቱ የሐናንያ

ዛሬ የምጽፈው አንዳንዶቻችሁን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። ግን መጀመሪያ የምወቅሰው ራሴን ስለሆነ ታግሳችሁ አንብቡኝ።

ባለፈው ሳምንት ባጃጅ ተሳፍሬ ሹፌሩ ዞር አለና «ቲቸር!» አለኝ። የድሮ ተማሪዬ ነው፣ የ2014 ባች። ያን ዓመት ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እሱ ከቀሩት ውስጥ ነው። ልወርድ ስል እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ የጻፉልን ጥቅስ ትዝ ይልዎታል? ግድግዳዬ ላይ ለጥፌው ነበር። ለእኛ አልነበረም እንዴ?» ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። መልስ አልነበረኝም። ሂሳቡን እንኳ አልቀበልም ብሎኝ ሄደ።

ጥቅሱ ኤርምያስ 29፥11 ነው። እግዚአብሔር ለሕዝቡ የሚያስበው በጎ ነገርና ተስፋ እንደሆነ የሚናገረው። የምረቃ ባነር ላይ፣ የአዲስ ዓመት ካርድ ላይ፣ የፈተና ሰሞን በየቴሌግራሙ የምታዩት እሱ ነው። እኔም በጠመኔ ጻፍኩት። ከላዩ ያለውን ቁጥር 10ን ግን አልጻፍኩም። እናንተስ ቁጥር 10 ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? ሰባ ዓመት ይላል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ይዞ ንጉሡን ኢኮንያንን፣ ሹማምንቱንና የእጅ ባለሙያዎቹን ወደ ባቢሎን አጋዘ። ምዕራፍ 28 ላይ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሥቶ በሕዝቡ ፊት «በሁለት ዓመት ሁሉም ይመለሳል» የሚል ትንቢት ተናገረ፤ የኤርምያስን ቀንበር ከአንገቱ ወስዶ ሰበረው። ኤርምያስ ግን ሐሰት ነው አለ። ለምርኮኞቹም ደብዳቤ ላከ፦ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ተጋቡ፣ ለተማረካችሁባት ከተማ ጸልዩ፤ ሰባ ዓመት ሲሞላ ነው የምትመለሱት። ያ የምንወደው ጥቅስ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ደብዳቤውን በአርባ ዓመቱ የሰማ ሰው እዚያው ባቢሎን ነው የሚቀበረው። ደግሞም በአማርኛው እንኳ «እናንተ» ይላል፣ «አንተ» አይልም። የተጻፈው ለአንድ ተፈታኝ ሳይሆን ለተሰደደ ሕዝብ ነው።

እንግዲህ እኛ ምን እያደረግን ነው? ጥቅሱን ከኤርምያስ ወስደን የሐናንያን ስብከት እንሰብክበታለን። «ዘንድሮ ያልፍልሃል! በዚህ ወር ቪዛህ ይመጣል!» ይሄ የሐናንያ መልእክት ነው፤ ኤርምያስ ሐሰት ያለውን ነገር በኤርምያስ ቃል መልሰን እንሸጠዋለን።

«መምህር፣ ቃሉ ሕያው ነው፤ መንፈስ ቅዱስ ይገልጥልኛል፤ ታሪክ ምን ያደርግልኛል?» የሚለኝ አይጠፋም። ሐዋርያት ሥራ 8ን ክፈቱ። የንግሥት ህንደኬ የገንዘብ ኃላፊ የነበረው ያ የእኛው ጃንደረባ ባለሥልጣን ነው፣ ማንበብ ይችላል፣ መጽሐፉም በእጁ ነው። ፊልጶስ ይገባሃል ወይ ብሎ ቢጠይቀው ግን የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይገባኛል አለ። መንፈስ ቅዱስም የላከለት የሚያስረዳውን ሰው ነው። አባቶቻችንስ ቢሆኑ በመጻሕፍት ቤት «አንድም» እያሉ ትርጓሜ ለመማር ስንት ዓመት መምህር እግር ሥር የሚቀመጡት ሥራ አጥተው ነው? እኛ በአንድ ሼር ልንጨርሰው ነው የምንፈልገው።

እኔ ዲፕሎማ ያለኝ የታሪክ መምህር ነኝ፣ የነገረ መለኮት ሊቅ አይደለሁም። ክፍል ውስጥ ግን ስለ ውጫሌ ውል ሳስተምር ማን ጻፈው፣ ለማን፣ መቼ፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ እላለሁ። ያን ሳይጠይቅ አንቀጽ 17ን ብቻ ለሸመደደ ተማሪ ማርክ አልሰጥም። ለአንድ ውል ይህን ያህል የምጠነቀቅ ሰው የእግዚአብሔር ቃል ነው ብዬ ለማምነው መጽሐፍ አለመጠንቀቄ ያሳፍራል። ምዕራፍና ቁጥሩ ራሱ እኮ ከብዙ ዘመን በኋላ ለፍለጋ እንዲመች የተጨመረ ነው። ኤርምያስ የጻፈው ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ ከመሃል አንድ መስመር ተቆርጦ አይነበብም።

«ታዲያ ጥቅሱ ለእኛ አይሆንም ማለትህ ነው?» አላልኩም። እንዲያውም በቦታው ሲነበብ ይበልጥ ይጠቅማል። የተጻፈው እኮ ተስፋቸው ለተሰበረ ሰዎች ነው። ተማሪዬ ሙሉውን ደብዳቤ ቢያውቀው ኖሮ ውጤት በወጣበት ቀን ከግድግዳው አይገነጥለውም ነበር፤ ቁጭ ብሎ ያነበው ነበር። የወደቅህበት ቦታ ላይ ቤት ሥራ፣ ትከል፣ ኑር፣ ከተማህን ውደድ፤ እግዚአብሔር እዚያም አልረሳህም የሚል ደብዳቤ ነው። እኔ ግን የማለፍ ዋስትና አድርጌ ሰጠሁት። ሲወድቅ እግዚአብሔር የዋሸው መሰለው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ሰባኪዎች፣ የሰንበት ትምህርት ቤትና የኅብረት አገልጋዮች፣ እንደኔ ያላችሁ መምህራንም፣ እባካችሁ ጥቅስ ከመለጠፋችሁ በፊት ቢያንስ ምዕራፉን አንብቡ። ኦርቶዶክስም ሁኑ ፕሮቴስታንት ለውጥ የለውም። ከሥር «አሜን» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ዛሬ ማታ ኤርምያስ 28ንና 29ን አከታትላችሁ አንብቡ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

አንተ የባጃጁ ልጅ፣ ይህን ካየኸው ደውልልኝ። ያልከፈልኩህ ሂሳብ አለ፤ ያላስተማርኩህ ቁጥር 10ም አለ።