የማሸጋገሪያ ዋጋ ክርክርና የማስረዳት ሸክም
በምሥራቅ ጎጃም አማኑኤል የጤፍን ዋጋ ማወቅ የፈለገ ሰው በገበያ ቀን ሁለት ሦስት ነጋዴ ቢጠይቅ ይበቃዋል። የውጭ እናት ኩባንያ ኢትዮጵያ ካለው ተቀጥላው የሚወስደው የሥራ አመራር ክፍያ ግን ገበያ አይወጣም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 79 እንዲህ ያለው ግብይት በገለልተኛ ወገኖች ዋጋ እንዲለካ ይፈቅዳል። ማነጻጸሪያው ከየት ይምጣ? አብዛኞቹ የግል ኩባንያዎች ሒሳባቸውን ለሕዝብ አይገልጹም። በአዋጅ ቁጥር 983/2008 ደግሞ የግብር ውሳኔው ስሕተት መሆኑን የሚያስረዳው ግብር ከፋዩ ነው፤ ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን አቤት ለማለትም ከተከራከረበት ግብር 50 በመቶውን አስቀድሞ ይከፍላል። ውሉም ደረሰኙም በእጁ ነውና ሸክሙ በራሱ አያስከፋም። የሌሎች ኩባንያዎች ዋጋ ግን ከእጁ የለም፤ ሒሳባቸው የሚገኘው በገቢዎች ሚኒስቴር መዝገብ ነው። ስለዚህ ሚኒስቴሩ ያነጻጸረበትን አኃዝ፣ የኩባንያዎቹን ስም ሸፍኖ፣ ከውሳኔ ማስታወቂያው ጋር አያይዞ ሊሰጥ ይገባል።